መርፌ አይወድም

በየሰፈሩ፣ ሕክምና ሳይማር በሽተኛ የማያመልጠው አንድ ሰው አለ። ብታማርር አቤት የምትልበት ቢሮ የለም፤ ፈቃዱ እንዳይነጠቅ፣ ፈቃድ መች አወጣና።

የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ክቡር ሐኪም አባቦራ ይባላሉ። መተዳደሪያቸው በርጩማ መጥረብ ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው አመመው ከተባለ ግን መጥረቢያቸውን ጥለው ከተፍ ነው። ዓይን ገልጠው ያያሉ፣ ምላስ ያስወጣሉ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያችኑ ፍርድ ይሰጣሉ፦ «ይሄ መርፌ አይወድም።» የልያ ጥርስ መርፌ አይወድም። የሚሊዮን ወገብ መርፌ አይወድም። አንዴማ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣን ሰው «ፊትህ ገርጥቷል» ብለው አስቀምጠው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጥተውታል።

ጎረቤታቸውን ሱዓድን ይሄ ሁሉ አያናድዳትም። እሷን የሚያንገበግባት የንቡ ነገር ነው።

የአባቦራ ቀፎ የተሰቀለው ከእሷ ልብስ ማስጫ ፊት ለፊት፣ አቮካዶው ላይ ነው። ካቻምና ቡናው ሲያብብ አንዷ ንብ እጇን ነደፈቻት፤ ገላዋ ሁሉ ሽፍ ብሎ ያሳክካት ጀመር። ክቡርነታቸው ደስ አላቸው። «አብሽሪ፣ ደምሽ እየለመደው ነው። ሁለተኛ አይሰማሽም» አሏት። እሷም አመነች። ዛሬም ድረስ ይሄ ትዝ ሲላት ትበግናለች።

አምና ሌላ ንብ አንገቷን ነደፈቻት። ከንፈሯ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ጠበበ፣ ትንፋሽ አጠራት። ባሏ ፋሂም ባጃጅ አስቁሞ ሲመጣ አባቦራ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይዘው አንገቷን ያሻሉ። «በንብ መርዝ ላይ መርፌ ልታስወጋት? ልትገላት ነው እንዴ? ይሄ መርፌ አይወድም።» ፋሂም ደግሞ፣ የዋሁ፣ ቆሞ ያዳምጣል። መናገር ያቃታት ሱዓድ ባሏን በጫማዋ መታ አድርጋ፣ እየተንገዳገደች ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ሆስፒታል ጭኗ ላይ የአድሬናሊን መርፌ ወጓትና ትንፋሿ ተመለሰ። ሐኪሟ የካቻምናውን ስትሰማ ተቆጣች። «እሱ መልመድ አልነበረም፤ አለርጂ ነው። ሰውነትሽ እያስጠነቀቀሽ ነበር። ለማረጋገጥ የቆዳና የደም ምርመራ አለ፣ ሪፈር እጽፍልሻለሁ። ዳግመኛ ከነደፈሽ ግን በኪኒን እንዳትዘናጊ። ኪኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ጉሮሮ አይከፍትም። መርፌ ነው፣ ቶሎ።»

ሱዓድ አባቦራ ደጃፍ ቆማ ይህንን ቃል በቃል ነገረቻቸው፤ «ቀፎዎን ያንሱልኝ» አለች። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሆስፒታል እስክትደርሺ ያቆየሽ ሽንኩርቱ ነው።» ወላሂ፣ ይህን ብለው መጥረባቸውን ቀጠሉ። ለሰፈሩም ያንኑ አወሩ። ሱዓድ የልብስ ገመዷን ወደ ጓሮ አዛወረች፤ ሰላምታም ነሳቻቸው።

ዘንድሮ ግን ንቧ ጓሮ ድረስ መጥታ ነደፈቻት። ፋሂም አሰንዳቦ ሄዷል። ሱዓድ አንዴ ብቻ ጮኸች፤ አባቦራ በባዶ እግራቸው ደረሱ። እጃቸው ላይ ሽንኩርት የለም። መንገድ መሐል ቆመው ባጃጅ አስቆሙ፣ ደግፈው አስገቧት። የሆስፒታሉ ዘበኛ «መጀመሪያ ካርድ ይውጣ» ሲላቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ገፍትረውት አለፉና ኮሪደሩን በድምፃቸው ሞሉት፦ «መርፌ አምጡ። ይሄ መርፌ ይወዳል።»

ሱዓድ ዓይኗን ስትገልጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ቀፎውን ዛሬውኑ ወደ ማሳ እወስደዋለሁ» አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው። «ንቦቹም አየር ይለውጡ።»

ሳያስቡት ዓይናቸው ጎን አልጋ ላይ በተኛችው ሴት ላይ አረፈ። «አንቺስ ምንሽን ነው?»

«ወገቤን፣ አባ።»

አባቦራ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ግን፣ ሱዓድ በተዘጋ ድምፅዋ ቀደመቻቸው።

«መርፌ አይወድም» አለች፣ እጃቸውን ጥብቅ አድርጋ ይዛ።