የጋሽ ታደሰ ደፍ

ጎርፍ ሲመጣ የራሱን ደጃፍ ብቻ የሚያስብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር ግድግዳ እጋራለሁ። ለዚህ ነው ከሐረር በላይ ባለው ሐኪም ጋራ ላይ ደመና በጠቆረ ቁጥር መቀመጥም መቆምም የሚያቅተኝ።

ክረምቱ ሳይገባ የጀጎል ሰፈርተኞች ተሰብስበን የጋራውን ቦይ እንጥረግ ስንል ይኸው ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ፣ "እናንተ ጥረጉ፣ እኔ ለራሴ ተዘጋጅቻለሁ" አሉ። ዝግጅታቸው ምን መሰላችሁ? የግቢያቸውን በር ደፍ በሲሚንቶ እስከ ጉልበት ማሳደግ። ከሥሩ የነበረችውን የውሃ መውጫ ቀዳዳም ጎርፍ ሾልኮ እንዳይገባባት ብለው አብረው ደፈኗት። ለመሆኑ ዝናብ በበር ብቻ ነው እንዴ የሚገባው?

ባለፈው ሳምንት ዶፍ ወረደ። የመንገዱ ጎርፍ፣ እውነት ለመናገር፣ ደፉን አልተሻገረም። ከሰማይና ከጣራ ግቢው ውስጥ የወረደው ግን መውጫ አጣ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ፍራሽ ታቅፈው ጠረጴዛ ላይ ወጥተው "ኧረ የሰው ያለህ" ሲሉ፣ ቦይ ጠራጊዎቹ ዶማችንን ይዘን ሮጥን። ደፉን ልፈነቅል ዶማዬን ሳነሳ፣ ጋሽ ታደሰ እጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመው በበሩ አዩኝ።

"ቀስ በል ልጄ" አሉኝ፤ "ሲሚንቶው አዲስ ነው።"