የእናቴ የመጀመሪያ አስተማሪ

ባንክ ሰውን በምን እንደሚያውቅ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በፊቱ እንዳይመስላችሁ።

እናቴ እዚህ እስራኤል፣ ሻዓራይም ሰፈር ካለው ፋርማሲ የልብ መድኃኒቷን ልትገዛ ስትል የባንክ ካርዷ ተዘጋባት። ወደ ባንኩ ስንደውል ሠራተኛዋ የእናቴን የመጀመሪያ አስተማሪ ስም ጠየቀች።

«እኔ መች ተማሪ ቤት ገብቼ?» አለች እናቴ። እንዳለችው ወደ ዕብራይስጥ ተረጎምኩ።

«ስሕተት ነው። አንድ ዕድል ቀርቷል» አለች ሠራተኛዋ።

እናቴ ስለ ገዛ ሕይወቷ ተሳሳተች ማለት ነው።

ለካ የባንኩን ቅጽ የሞላሁላት እኔ ነኝ፤ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ። «ባዶ ቦታ አትተዉ» ትለን የነበረችውን የራሴን አስተማሪ ስም ጽፌ ነበር።

«ሩቲ በያት» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሩቲ!»

«ቤሰደር፣ ጥሩ፣ እርስዎ መሆንዎ ተረጋግጧል።»

መድኃኒቷን ይዘን ስንወጣ፣ «ይቺ ሩቲ ምን አስተማረችኝ፣ ልጄ?» አለችኝ።

«እሱን እንግዲህ ባንኩ ያውቃል» አልኳት።