የወይን ጠጁ ፉርጎ በዋጃ

የባቡር ፉርጎን የትውልድ ሐረግ የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል፤ ያውም ባቡር ፉጨቱን አሰምቶባት በማያውቃት ቆቦ። የሥራ ባልደረባዬ፣ የታሪክ መምህሩ ጌታሁን፣ ሰው የቅድመ አያቱን ስም ቢረሳ ያዝናል፤ የፉርጎ መነሻ ከጠፋ ግን እህል አይወርድለትም። በተለይ ወይን ጠጅ ያመላልሱ የነበሩትን ይወዳል። ለምን እንደሆነ አትጠይቁት፤ ቅዳሜያችሁን ይወስድባችኋል።

የእኔን ወስዶብኛል። ዋጃ ውስጥ ከአንድ መስጊድ አጥር ሥር ከፉርጎ የወረደ የሚመስል አሮጌ የብረት ታንከር እንዳለ ሰምቶ በሚኒባስ ይዞኝ ሄደ። ተንበርክኮ ዝገቱን በመሐረቡ ሲፈትግ የፈረንሳይኛ ፊደላት ብቅ አሉ። ጽሑፉ "ወይን ጠጅ" የሚል ነበር። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ችግሩ፣ ታንከሩ ውኃ ተሞልቶ ሰው ለሶላት ውዱእ እያደረገበት ነው።

ታንከሩን ያመጡት ሸህ እንድሪስ ጠጋ ብለው፣ "መምህር፣ ጽሑፉ ምን ይላል?" አሉት።

ጌታሁን እግራቸውን የሚታጠቡትን ሽማግሌዎች አየ። ዓመታት የለፋበትን ግኝት ዋጥ አደረገና፣ "ዘይት ይጫንበት ነበር መሰለኝ፣ አባቴ" አለ።

ሸሁ ሳቁ።

"ድሬዳዋ ስገዛው ምን ይጫንበት እንደነበር ነግረውኛል። ዑለማዎችን ጠይቀን፣ ሰባት ጊዜ አጥበን ነው ውኃ የሞላንበት። ታንከሩ ከኃጢአቱ ተመልሶ ተውበት ካደረገ ቆይቷል። አንተን ግን ለእኛ ብለህ ለዋሸሃት ውሸት አላህ ይማርህ። በል ደብተርህን አውጣና እውነቱን ጻፍ፤ ከየት እንደመጣ እኔ እነግርሃለሁ።"