አልታዘዝ ያለኝ ብሌን

ሰው በገዛ አካሉ ላይ ሥልጣን አለኝ ብሎ የሚኮራው ነገሩን ሳያጣራ ነው። እጄን ተነሽ ስላት ትነሣለች፤ ምላሴማ ሳላዛትም ትሠራለች። ሆዴ ግን ቅዳሴ መሃል ሲያጉረመርም ዝም በል ብለው ይሰማኛል?

ይህን ያወቅኩት ትምህርት ቤት አይደለም፤ እኔና ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው በስምምነት የተለያየነው። ያስተማረኝ ካምፓላ ያገኘሁት የዓይን ሐኪም ነው።

እዚያው ካምፓላ፣ ካምዎክያ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ጋሽ ታምሩ ሾፌር ፈለጉ። የቀድሞው ሾፌር መርቅኖ መኪናቸውን ከማንጎ ዛፍ ጋር ስላጋባው፣ የማይቅም ሰውና የዓይን ምርመራ ወረቀት ይምጣልኝ አሉ። እኔ ጫት አልነካም፤ ሌላ ሰው በሚነዳው ቦዳ፣ ማለት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተንጠልጥዬ ዕቃ ማድረስም አንገፍግፎኛል። መሪው የኔ ነው አልኩ።

ሐኪሙ ጠብታ አድርጎ መረመረኝ። ብሌንህን እንደ ቀለበት የከበበች ጡንቻ አለች አለኝ፤ ከአንጀትህ ጡንቻ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ካንተ ትእዛዝ አይቀበሉም። ብርሃን ሲበዛ ነርቭ መልእክት ያደርስላትና ብሌንህን ታጠብበዋለች። ጠብታው መልእክቱን በር ላይ ያስቀረዋል። ቅርብ የምታሳይህ ጡንቻም እንደዚያው ናት፤ ስለዚህ እስከ ማታ ማንበብም መንዳትም የለም። ዓይኑ ጤነኛ ነው የሚል ወረቀት ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ነገን መጠበቅ የት አውቄ? ወደ ጋሽ ታምሩ በቦዳ በረርኩ።

ጊዜው የማስክ ነው፤ ከሰው ፊት የሚታየው ዓይን ብቻ። ጋሽ ታምሩ ቢያዩኝ ብሌኔ እንደ ቃሚ ሰው ሰፍቶ የካፖርት ቁልፍ አክሏል። «መርቅነሃል!» አሉ። ኧረ ጋሼ ጠብታ ነው፣ ነርቩ መልእክቱን ሳያደርስ በር ላይ ቀርቶ… ብል፣ «ይኸው! እንዲህ የሚያወራው የመረቀነ ነው!» ፀሐይ ላይ አቆሙኝ፤ ብሌኔ ንቅንቅ የለም። ስንት ውሸት ያሳለፍኩበት ዓይን እውነት የተናገርኩ ዕለት ይክዳኝ?

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ባንኮኒው ላይ አገላብጠው መለሱልኝና «በል አንብብልኝ» አሉ። ፊደሉ የጉንዳን ሰልፍ ሆነብኝ። ግን ሐኪሙ ያለኝን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምን ገዶኝ? እንደ ዲያቆን አንበለበልኩት፦ «የዚህ ወረቀት ባለቤት ሩቁንም ቅርቡንም አጥርቶ ያያል!»

ጋሽ ታምሩ ወደ ወጥ ቤት ዞረው፣ «ስሙልኝ! ሽንኩርት ሃያ ኪሎ የሚለውን እንዲህ አነበበው!» አሉ። ለካ የሰጡኝ የገበያ ዝርዝራቸውን ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እስከ ማታ ብቻ ነበር የጠየቀው። ብሌኔ እስከ ማታ ይጠባል ብዬ ብምል፣ ጋሽ ታምሩ እንግዲያው እዚሁ ዓይኔ ሥር ይጥበብ፣ ከጠበበ የመኪናውን ቁልፍ ትወስዳለህ፣ እስከዚያ ሽንኩርቱን ላጥ አሉኝ። ላጥኩ። አመሻሽ ላይ ብሌኔ ወደ ልኩ ተመለሰ። ደረቴን ነፍቼ ፊታቸው ቆምኩ። ሽንኩርቱ ግን ዓይኔን በርበሬ አስመስሎታል።

ጋሽ ታምሩ ጠጋ ብለው አዩኝ። «ጫቱስ ለቀቀህ» አሉ፤ «አረቄውን ደግሞ ከየት አገኘኸው?»