ለቅሶ የሄዱት መራጮቼ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "ፈጥራ ነው" ትሉኛላችሁ። ምነው ፈጥሬ በሆነ!

ምርጫ ተሸነፍኩ። ያሸነፉኝ ግን ተፎካካሪዬ አይደሉም። የአባቴ አክስት ናቸው።

የሞቱት አክስት።

ቆይ፣ ከስሩ ልጀምርላችሁ።

እንደምታውቁት እኔ ትዕግስት ቦንጋ ላይ ጠበቃ ነኝ። ካላወቃችሁም ፕሮፋይሌ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። የክልሉ የህግ ባለሙያዎች የተሰባሰብንበት አንድ ማህበር አለን። ዐቃቤ ህጉም፣ ጠበቃውም፣ የህግ መምህሩም አለበት። እዚያ ውስጥ "የህግ ጉዳዮች ዋና ተጠሪ" የሚባል ወንበር አለ፣ እኛ በቀልድ "ጠቅላይ ዐቃቤ ህግ" የምንለው። እውነተኛው ይሾማል፣ የእኛው ግን በድምፅ ነው የሚመረጠው። ሰው ለዚህ ወንበር እንዴት እንደሚናነቅ ብታዩ መኪናና አጃቢ ያለው ይመስላችኋል።

ያለው አንድ ማህተም ነው። እሱም ቀለሙ ደርቋል።

እኔ ግን የምሬን ፈለግሁት። ማህበሩ ዘንድሮ አቅሙ የሚችለው አንድ ስራ ብቻ ነው፣ የቱ እንደሚሰራ የሚወስነው ደግሞ ተጠሪው ነው። እኔ ቢታ ገነት ላይ ነጻ የህግ ምክር ቢሮ እንክፈት አልኩ። ከቢታ ቦንጋ ድረስ መጥተው፣ ማመልከቻ የሚጽፍላቸው አጥተው፣ የመሬት ክሳቸው ቀጠሮ አልፎበት ፍርድ ቤት በር ላይ ቁጭ የሚሉ ሴቶችን ስንቴ አይቻለሁ። ይሄኛው ቀልድ አይደለም። ከስንት ዓመት ጀምሮ የሚያናድደኝ ነገር ነው።

ተፎካካሪዬ ጋሽ ክፍሌ ምን ይዘው ቢመጡ ጥሩ ነው?

የባለሙያዎች መዝናኛ ክበብ። ድራፍት፣ ጥብስ፣ የከረንቡላ ጠረጴዛ። ፍትህ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ጋሽ ክፍሌን ለማታውቁ፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ዐቃቤ ህግ ናቸው። እኔም ጥብቅና ከመጀመሬ በፊት እሳቸው ስር ነበር የምሰራው። ክስ እንዴት እንደሚረቀቅ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አይቆጡም፣ አይጮሁም፣ ሰውን ሁሉ "ልጄ" ነው የሚሉት። ከዚህ የባሰ አደገኛ ተፎካካሪ ካያችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።

ፉክክራችን አንገት ላንገት ነበር። ከየከተማው ከሚመጡት አባላት የቴፒዎቹ ወደ እሳቸው ያዘነብላሉ። የሚዛኖቹ ያመነታሉ። የቦንጋዎቹ ፊት ለፊት ሲያዩኝ የኔ ናቸው፣ ዞር ስል የሳቸው። የማይነቃነቁት የኔ ሰዎች የቢታዎቹ ነበሩ፤ ሚኒባስ ሙሉ ሰው! አስተባባሪያቸው አዳነ ይባላል፣ ቢታ ገነት ላይ ጥብቅና የሚሰራ፣ ከቃሉ ዝንፍ የማይል ልጅ። ለቢሮው የሚሆን ክፍል በነጻ ለምኖ አግኝቷል። ምርጫው ሳይደርስ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቶ ፎቶውን ልኮልኛል። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ።

ይሄን ቀለም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ እማዬ ደወለች። "እትዬ አስካለ አርፈዋል። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው" አለችኝ። ሺሺንዳ የሚኖሩት የአባቴ አክስት ናቸው።

ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እትዬ አስካለን በህይወቴ ያየኋቸው አንዴ ሰርግ ላይ ነው። ጉንጬን ቆንጥጠው "ይቺ ደግሞ መቼ ነው የምታገባው?" አሉኝ። ሌላ ትዝታ የለንም።

"እማዬ፣ ዛሬ እኮ ምርጫ አለብኝ" አልኳት።

"እኔ እሄድ የለ? አንቺ ስትጨርሺ ትደርሻለሽ" አለችኝ።

ነገሩ እዚህ ጋ አልቆ ነበር። ጤነኛ ሰው ቢሆን ስልኩን አስቀምጦ ፊቱን ይታጠባል።

እኔ ፖስት አደረግኩ።

"ዛሬ እንደ እናት ሆነው ያሳደጉኝን አክስቴን አጣሁ። ሺሺንዳ ላይ አፈር ሲለብሱ ቆሜ ልሸኛቸው አልታደልኩም፤ የህዝብ አደራ አለብኝ። ምነው ለኔ ሆኖ የሚቀብርልኝ ወገን በኖረኝ።"

እንደ እናት ያሳደጉኝ! ያሳደገችኝ እናቴ በህይወት አለች፤ ከደቂቃዎች በፊት በስልክ አውርተናል።

ለምን ጻፍሽው አትሉኝም? የሚያመነቱት ሚዛኖች አንጀታቸው እንዲንሰፈሰፍልኝ ነዋ። "ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ለህዝብ የቆመች" እንድባል። የአክስቴ ፎቶ ስለሌለኝ ደግሞ የራሴን ለጠፍኩ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሼ ሩቅ ሩቅ የማይበትን። አንዱ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ "ቲጂ ምን ሆና ነው የሞተችው?" ብሎ ጻፈ። ከሱ ቀጥሎ ያሉት በሙሉ የኔን ነፍስ ይማር አሉ።

ግድ አልሰጠኝም። ኮመንቱ እየጎረፈ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ክፍሌ መጡ። "እግዜር ያጽናሽ ልጄ። ከለቅሶ የሚበልጥ ጉዳይ የለም። የትዕግስት ወዳጅ የሆነ ሁሉ ዛሬ ሺሺንዳ ተገኝቶ ይቅበርላት" ብለው ጻፉ።

እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው! ቀይ ልብ ሰጠኋቸው። "ክፉ አይንካዎት ጋሽዬ" ብዬ መለስኩ። እሱም አልበቃኝ ብሎ ኮመንታቸውን ከሁሉም በላይ ፒን አደረግኩት።

በገዛ እጄ።

ነጠላዬን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ ደህና ሐዘንተኛ መስዬ፣ ባጃጅ ይዤ አዳራሽ ደረስኩ። ጋሽ ክፍሌ በር ላይ ቆመው ነበር፣ አቀፉኝ። "ባትመጪም ማንም አይወቅስሽም ነበር እኮ" አሉኝ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ "ምን ይደረግ ብለው ነው፣ አደራ ነው" አልኳቸው። ትወናዬን ብታዩት!

ስብሰባው እንደተጀመረ ጋሽ ክፍሌ እጃቸውን አወጡ። "ለእህታችን አክስት የህሊና ጸሎት እንድናደርግ እጠይቃለሁ" አሉ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። የክልሉ የህግ ሊቃውንት አንዴ ጉንጬን ለቆነጠጡኝ ሴትዮ አንገታቸውን ደፉ።

እኔም ደፋሁ። ቀና ስል ግን የቢታዎቹ ረድፍ ባዶ ነው።

ወንበሩ በሙሉ!

ጸሎቱ ሳያልቅ በነጠላዬ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ አዳነ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ እያለቀስኩ መስሏት ጀርባዬን ታሻሸኝ ጀመር። በመሃል ከሱ መልእክት ገባ።

"አይዞሽ እህቴ። አንቺ አደራሽን ተወጪ፣ እኛ አንቺን ሆነን እንቀብራለን። ሺሺንዳ ወርደናል።"

መልእክቱን ደግሜ አነበብኩት።

እስቲ አንድ የጂኦግራፊ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከቢታ ገነት ቦንጋ የሚመጣ ሚኒባስ በየት በኩል ነው የሚያልፈው? በሺሺንዳ! የለቅሶው ድንኳን ደግሞ የተተከለው መንገድ ዳር ነው። ልጆቹ የኔን ፖስት አንብበዋል፣ ፒን ያደረግኩትን አንብበዋል፣ ድንኳኑን በአይናቸው አይተዋል። እና ምን እንዲያደርጉ ነበር የምጠብቀው? ጥሩምባ እየነፉ እንዲያልፉ?

ብድግ አልኩና "ክቡር ሰብሳቢ፣ ምርጫው ወደ ከሰዓት ቢሸጋሸግ" አልኩ።

"ምክንያት?" አሉ ሰብሳቢው።

"የቢታ አባላት ለቅሶ ላይ ናቸው።"

"የማን ለቅሶ?"

ምን ልበል እንግዲህ። "የኔ" አልኩ።

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው መተዳደሪያ ደንቡን ገለጡ። ምርጫው በተያዘለት ሰዓት ይካሄዳል፣ በአካል ያልተገኘ አባል በስልክም ሆነ በውክልና ድምፅ አይሰጥም ይላል። በጣም ግልጽ አንቀጽ ነው፣ ምንም ቀዳዳ የለውም። ይሄን የመሰለ አንቀጽ ያረቀቀው ማን ይመስላችኋል?

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

አዎ። አምና የጋሽ ክፍሌ ወዳጆች አዲስ አበባ ተቀምጠው በስልክ እንዳይመርጡ ብዬ ስሟገት ውዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያኔ ተጨብጭቦልኝ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየተሰመረ ሲቆጠር አንዴ እኔ ቀደምኩ፣ አንዴ እሳቸው ቀደሙ። ሚዛኖቹ ከጠበቅሁት በላይ ሰጡኝ፤ ለቅሶዬ ሰርቷል ማለት ነው። ቦንጋዎቹም ለአንዴ አላሳፈሩኝም።

በሁለት ድምፅ ተሸነፍኩ።

ሁለት! ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ሦስቱ ብቻ ቢመጡልኝ ጨፍሬ ነበር የምገባው። ጋሽ ክፍሌ ጭብጨባውን በእጃቸው አስቆሙት። "ዛሬ የደስታ ቀን አይደለም፣ እህታችን ሐዘን ላይ ናት" አሉ። ይሄን ሲሉ የበለጠ ተጨበጨበላቸው።

ወሽመጤ ቁርጥ ብሎ መናኸሪያ ሄድኩ። በባለ ተረከዝ ጫማ የሺሺንዳን ጭቃ ስረግጥ ያየኝ ሰው ለአክስቴ ስል የተንገላታሁ መስሎት "እግዜር ያጽናሽ" ይለኛል። "አሜን" እላለሁ። ምን አማራጭ አለኝ?

ድንኳኑ ውስጥ የቢታ ልጆች በሙሉ በረድፍ ተቀምጠዋል። አዳራሹ ውስጥ ባዶ የነበረው ረድፍ እንዳለ እዚህ መጥቷል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት አፈር ነው። ሳጥኑን ተሸክመዋል፣ ጉድጓዱንም የሞሉት እነሱ ናቸው። አዳነ ንፍሮውን ከእጁ አራግፎ ተነሳ።

"እንኳን ደስ አለሽ ልበል፣ እግዜር ያጽናሽ?" አለኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ያስመሰልኩት ለቅሶ እዚያ ጋ የእውነት ሆኖ ገነፈለ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ ስላችሁ! ጋብ ብለው የነበሩት ሴቶች ከኔ ጋር እንደገና ጀመሩ። አንዷ "እንደ እናት እኮ ነው ያሳደጓት፣ ፌስቡክ ላይ ጽፋዋለች" አለች።

አጠገቧ የተቀመጠችው እማዬ ናት።

እማዬ ቀስ ብላ ወደኔ ተጠጋች፣ ያቀፈችኝ መስላ ጆሮዬ ስር "ማን ነው ያሳደገሽ?" አለችኝ። ይሄን ፋይል ቤት ስንገባ እንደምትከፍተው አውቃለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ክፍሌ መጡ። የዛሬው ባለድል፣ የሺሺንዳን ጭቃ ረግጠው። አጠገቤ ቁጭ ብለው "ብቻሽን ልተውሽ አልወደድኩም ልጄ" አሉኝና ንፍሮ ዘገን አደረጉ። ኮመንቱን የጻፉት ከደግነት ይሁን ከተንኮል እስካሁን አላወቅሁም። ፊታቸውን ብመረምር ምንም የለበትም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ስራ ያስተማሩኝ እሳቸው አይደሉ?

በመጨረሻ አዳነን ከድንኳኑ ውጭ ጠርቼ ነገርኩት። በሁለት ድምፅ፣ እናንተ ስላልነበራችሁ፣ ቢሮው ቀረ፣ ክበብ ነው የሚሰራው አልኩት።

የሱሪውን አፈር አራገፈ። ከዚያ በጣም ግራ በመጋባት "ታዲያ 'የሚቀብርልኝ ወገን በኖረኝ' ብለሽ ጽፈሽ እንዴት አድርገን እንለፍ? ለምርጫው ብለሽ እንደሆነ እኮ አላወቅንም" አለኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የቢታ ሴቶች እንደገና ፍርድ ቤት በር ላይ ቁጭ ሊሉ ነው፣ ያውም እኔ በለጠፍኩት ፖስት።

"ግድግዳውን እንዴት ልታደርገው ነው?" አልኩት ሳላስበው።

"ቀለሙማ ተቀብቷል፣ ምን ይደረጋል? ማህበሩ ባይኖርም ክፍሉ አለ" አለኝ። "ቅዳሜ ነይ። ወንበር ግን የለንም፣ ይዘሽ ነይ።"

እና ወገን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ጣራ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ጭና ወደ ቢታ የምትወርድ ሴት ካያችሁ ያቺ የእናንተ ተሸናፊ ጠቅላይ ዐቃቤ ህግ ናት። ፎቶ እንዳታነሱኝ። ብታነሱኝም ፖስት እንዳታደርጉት፣ ፖስት ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

የጠዋቱን ፖስት ላጠፋው ነበር፣ ግን እስካሁን ሰው እየጻፈበት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ "ነፍስ ይማር" የምትሉ ሰዎች፣ የማንን እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉልኝ። የእትዬ አስካለን ነው ወይስ የኔን?