ቆሞ የማይወድቀው አውሮፕላን

በየሰፈሩ በደህና የሚሠራ ዕቃ ሲያይ የሚያመው አንድ ሰው አለ። የተበላሸ ነገር አያስጨንቀውም፤ የተበላሸውንማ ማንም ይጠግነዋል። እሱን እንቅልፍ የሚነሳው የሚሠራው ነው። በራችሁ ያለ ችግር ይከፈታል? "ትንሽ ቢሻሻል እኮ..." ይላል፣ መፍቻውን ከኪሱ እያወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችሁ የምትገቡት በትከሻችሁ ገፍታችሁ ነው።

የእኛ ቤት አሻሻይ ክቡር ካፒቴን ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛው የግቢው ሰዎች ነን እንጂ ካፒቴን አውሮፕላን ተሳፍሮ እንኳ አያውቅም። ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ከእትዬ ጋር ነው፤ እኔ የእትዬ ተከራይ ነኝ፤ የእሱን ክፍልና የእኔን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው።

ክቡርነቱ እስካሁን ካሻሻላቸው ነገሮች መካከል የግቢው ደወል አንዱ ነው፤ ዛሬ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ይጮኻል። የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧም አሻሽሎታል፤ ቀዝቃዛውን ስትከፍቱ በፈላ ውሃ ይልጣችኋል። የእትዬ የስፌት መኪና ደግሞ ወደ ኋላ ካልሆነ አይሰፋም። ያን ቀን እትዬ፣ "እጅህን ይቁረጠው አልልም፣ እንጀራህ ነው፤ ግን እባክህ ኪስህ ውስጥ አስቀምጠው!" ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። ካፒቴን አውሮፕላን የሚያበርርበት ጨዋታ ጫነበት። "ጨዋታ" ካላችሁት ይቀየማል፤ "ሲሙሌተር ነው፣ የአብራሪ መለማመጃ!" ይላል፣ ደረቱን ነፍቶ። መሪው፣ ሰዓቶቹ፣ ከታች የሚታየው ከተማ፣ ሁሉም ልክ እንደ እውነቱ ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ደመናው ጋ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ ይላል። ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሥዕል ትንሽ ይቆይና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

በዚህ መሀል የእትዬ ልጅ ከባሕር ማዶ ደወለች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው፤ ለእናቷ የአውሮፕላን ትኬት ልካለች። እትዬ ወንበር ላይ ቆመው አምፖል መቀየር የሚፈሩ ሴት ናቸው።

"እኔ? በሰማይ? እዚሁ ሆኜ እጸልይልሻለሁ፣ ልጄ።"

ልጅቷ ስልኩ ላይ አለቀሰች። "እማዬ፣ እዚህ ማን አለኝ?" ስትል እኔም ሰማሁ። እትዬ ስልኩን ዘግተው ሲያለቅሱ ዋሉ፤ ግን እሄዳለሁ አላሉም።

ካፒቴን እጃቸውን ይዞ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸው። "እትዬ፣ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ትለምጂዋለሽ።" አውሮፕላኑ ተነሣ። እትዬ የወንበሩን ጠርዝ ጨመደዱ። ደመናው ጋ ሲደርስ፣ እንደ ልማዱ፣ ቀጥ! ካፒቴን በርበሬ መሰለ።

"ቆመ እንዴ?" አሉ እትዬ።

"እ... አዎ፣ አንድ ጊዜ..."

"ቆሞ አልወደቀም?"

"አልወደቀም፤ ግን እኮ ይሄ..."

"አንተ አይደለህ እንዴ አሳንሰር ውስጥ ተዘግተው ለሚጮኹ ሰዎች 'ቆመ ማለት ወደቀ ማለት አይደለም' እያልክ የምታረጋጋቸው? እንዲህ ከሆነማ ምን አስፈራኝ!" ብለው ተነሡና ለልጃቸው ደወሉ። "እመጣለሁ!"

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። ካፒቴን ግን አፍሯል። አውሮፕላኑ እህቱ ፊት ቆሞበታል! ከዚያ ወዲያ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ በግድግዳው በኩል እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኽብኝ ጀመር። መጽሐፌን ይዤ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ።

"ጎረቤት! ነይ እስቲ ይሄን እይ!" አለኝ አንድ ቀን። ስክሪኑ ላይ ስምንት ሣጥኖች ነበሩ። "ይሄ ኮምፒውተር ስምንት ኮር አለው። ስምንት ሠራተኛ በይው። አየሽ፣ የመጀመሪያው ላብ በላብ ሆኗል፤ ሰባቱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጨዋታው ሸክሙን ሁሉ..."

"ጨዋታው?"

"ሲሙሌተሩ! ሸክሙን ሁሉ አንዱ ላይ ይጭናል።"

እትዬ የታጠበ ልብስ ታቅፈው ሲያልፉ ቆም አሉ። "አንዷ ስትለፋ ሌላው የሚቀመጥበትን ቤት ለማየት ኮምፒውተር አስፈለገህ?"

ካፒቴን አልሰማም። የቫይረስ መፈተሻውን፣ ማሻሻያ የሚያወርደውን፣ ከጀርባ ተደብቆ የሚሠራውን ፕሮግራም ሁሉ እያደነ ከመጀመሪያው ኮር አባረረና ለሰነፎቹ አከፋፈለ። ደመናውንም ትንሽ አሳሳው። እውነት ለመናገር፣ በሕይወቱ አሻሽሎት በትክክል የሠራለት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

የእትዬ ጉዞ ዋዜማ ላይ ሁላችንንም ጠራን። "እትዬ፣ አሁን እውነተኛውን በረራ እይ!" አውሮፕላኑ ተነሣ፤ ደመናውን ሰንጥቆ አለፈ፤ ውሃ ላይ እንደሚንሸራተት ቅጠል ሄደ፣ ሄደ። እትዬ ሲጠብቁ ቆዩ።

"መቼ ነው የሚቆመው?"

"አይቆምም! አሻሻልኩት!"

"ጭራሽ?"

"ጭራሽ!"

እትዬ ተነሡ። "ለልጄ ደውሉላት። አልሄድም። በማይቆም ነገር ላይ ማን ይወጣል?"

ካፒቴን ስለ ኮር ያስረዳቸው ጀመር። እሱ ባስረዳ ቁጥር እሳቸው ከሻንጣው አንድ ልብስ ያወጣሉ። ሻንጣው ሊራቆት ሲል ካፒቴን ማስረዳቱን ተወ። ስክሪኑን አየ፤ እህቱን አየ። ከዚያ ተቀመጠና ያባረራቸውን ሁሉ አንድ በአንድ መልሶ ጠራ። ሸክሙን በሙሉ የመጀመሪያው ኮር ላይ ከመረው። ሠርቶለት የነበረውን አንድ ነገር በገዛ እጁ ሲያበላሽ ዓይኑን አላሸም።

"እትዬ፣ ተሳስቼ ነው። ነይ፣ እንደገና እይው።"

አውሮፕላኑ ተነሣ፤ ደመናው ጋ ደረሰ፤ ቀጥ አለ። እትዬ በረጅሙ ተነፈሱ።

"እሰይ! ልብሴን መልሱልኝ።"

ሄዱ፤ በደህናም ደረሱ። ሲደውሉ ከኋላ ሕፃን ይጮኻል። "ሴት ናት!" አሉ። ስለ በረራው ስንጠይቃቸው፣ "አንዴም አልቆመም። ቢቆም ግን እኔ አልደነግጥም ነበር" አሉ።

በማግስቱ ወደ ካፒቴን ክፍል ጎራ አልኩ። ደመና ላይ የቆመ አውሮፕላን ፊት ተቀምጧል፤ ሁለት እጆቹን ጭኖቹ ሥር ወትፏቸዋል።

"አታስተካክለውም?" አልኩት።

"እትዬ ገና የመመለሻ በረራ አለባት" አለ። ጣቶቹ ከጭኑ ሥር ሲቁነጠነጡ ይታያል።

አላስቻለኝም። ክፍሌ ሄጄ የማነብበትን መብራት ነቅዬ አመጣሁለት። ምንም እንከን አልነበረውም።

"ካፒቴን፣ ይሄ መብራት በደንብ ይሠራል፤ ግን ትንሽ ቢሻሻል..."

ፊቱ በራ። መፍቻው ከኪሱ ሲወጣ እንኳ አላየሁትም።

ይህን የጻፍኩት በሻማ ነው።