ዶክተር ምን በላህ እና የግቢያችን ፎጣ

የዶክተር ምን በላህ የአንድ ቀን ውሎ የሚያስከፍላቸው ይታወቃል፦ አንድ ሙሉ ሳሙና፣ የሁለት ጎረቤት ሰላምታና አንድ የምሳ ግብዣ። ሳሙናው እጃቸው ላይ ያልቃል። ሰላምታው የሚቀረው ሰው ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ስለሚቀይር ነው። ግብዣውን ግን በገዛ አፋቸው ነው የሚያጠፉት።

ሥራውን ቢሮ ቆልፎበት መምጣት የማይችል ሰው መቼም በየሰፈሩ አይጠፋም። ልብስ ሰፊው ታክሲ ውስጥ የሰው ኮት ስፌት ይመረምራል፤ አስተማሪው ሚስቱን «እጅሽን አውጪና ተናገሪ» ይላታል። እነዚህንስ ችለን እንኖራለን። የእኛዋ ጎረቤት፣ ክብርት ዶክተር ግን የተላላፊ የአንጀት በሽታ ተመራማሪ ናቸው። ተቅማጥ ከየት ተነስቶ በማን በኩል ወደ ማን እንደሄደ ሲከታተሉ ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት።

«እንዴት አደሩ፣ ዶክተር?»

«ደህና። አንተስ? ሆድህስ? ምን በላህ? ከማን ጋር በላህ?»

ሰውየው ስሙን ሳይጠየቅ የሰገራውን መልክ ተጠይቆ ያልፋል።

አከራያችን ልጃቸውን ሲድሩ ክብርነታቸው ምግቡ የተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ሩዙ መቼ እንደተቀቀለ ጠየቁ። ሙሽራው ማንኪያውን አስቀመጠ። አከራያችን «ይቺን ሴት ደግሞ ማነው የጠራብኝ?» አሉ፤ ድምፅ ማጉያው እጃቸው ላይ እንደነበር ረስተው።

አንድ ቀን ደግሞ ለአማቴ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጧቸው። አማቴ ስጦታ መስሏቸው መርቀው ተቀበሉና ስኳር ጨመሩባት። ዶክተር በማግስቱ የሰገራ ናሙናቸውን ሊወስዱ መጡ፤ ክዳኑን ከፍተው ወደ ብርሃን አስጠጉና፣ «ይሄ መልኩ አላማረኝም» አሉ።

ባለፈው ክረምት ግቢው በር ላይ ቧንቧ ያላት ባልዲ አስቀመጡ። ሳሙና በገመድ አንጠለጠሉ፤ ነጭ ፎጣም ሰቀሉ። «ሳይታጠብ የሚገባ ሰው አይኖርም!» ተብሎ ታወጀ። ታጠብን። ብዙም ሳይቆይ የግቢው ልጆች እየተከታተሉ ሆዳቸውን ታመሙ። የእኔም ጨቅላ ዓይኗ ስርጉድ ብሎ፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ በማንኪያ ስሰጣት ለመዋጥ እንኳ አቅም አጣች።

አከራያችን ጥፋተኛውን ለማግኘት ምርምር አላስፈለጋቸውም። «የሞግዚቷ እጅ ነው!» አሉ። ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ልጆቻችንን የምትጠብቅልን ሴት ናት። በቃ፣ ክፍሉን ልቀቂ ተባለች። ምስኪን፣ እያለቀሰች ልብሷን በፌስታል ትከት ጀመር። እኔ ደግሞ ልጄ ታማ፣ ጠባቂዋ ተባራ፣ ነገ ሥራ እንዴት ልገባ ነው እያልኩ መሬቱ ጠበበኝ።

ዶክተር ምን በላህ ያን ቀን በር ሳያንኳኩ የቀረ ቤት የለም። ለካ ዘበኛችንም ታሟል፤ እሱ ደግሞ የሞግዚቷን ክፍል ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። ሲያስነጥሰው የሚውለው ትልቁ ልጄ ግን፣ ቀኑን ሙሉ እሷ ዘንድ እየዋለ፣ ሆዱ ጤነኛ ነው።

«ይሄ ለምን አልታመመም?» ሲሉ አፈጠጡብኝ።

«እኔ እንጃ፣ ዶክተር። ይቅርታ ልጠይቅ?»

«እስቲ ማሙሽ፣ እጅህን ስትታጠብ አሳየኝ።»

ልጄ ታጠበና እንደ ልማዱ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በዚህ ሱሪ የተነሳ ስንት ጊዜ ጆሮውን ቆንጥጬዋለሁ! ዶክተር ሱሪውን አዩ፤ ከዚያ ፎጣውን አዩ። ያ ነጭ ፎጣ የሁላችንንም እጅ ሲጠርግ ከርሞ ርሶ፣ ግራጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ከተሰቀለ ጀምሮ ያጠበው ሰው የለም።

ሌላ ምሁር ቢሆን ቀስ ብሎ አውርዶ ይደብቀው ነበር። እሳቸው ግቢውን ሰበሰቡና ፎጣውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ «ይሄ ነው ያዳረሰው። የሰቀልኩት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ» አሉ። ወደ ሞግዚቷ ዞሩ፤ «እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ልብስሽን ከፌስታሉ አውጪው።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ፎጣ ማጠብ አቃተሽ?» አሉ አከራያችን።

«አቃተኝ። ለመሆኑ አንቺ ዛሬ ምን በላሽ?»

ፎጣው ተቃጠለ፤ ልጄ ዳነች፤ ሞግዚቷም እዚያው ክፍሏ አለች። አሁን እጃችንን እያራገፍን ነው የምንገባው፤ ላየን ሰው የሚበር የወፍ መንጋ እንመስላለን።

ስለ እርስዎ ልጽፍ ነው አልኳቸው።

«ጻፊ። አንባቢዎችሽን ግን አንድ ነገር ለምኚልኝ፤ ምሳ ይጥሩኝ። ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምበላው። ምንም አልጠይቅም በያቸው።»

በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ።

«ሩዙ መቼ እንደተቀቀለ ብቻ።»